አጭር የተቆረጠ ክር

የሚያውቁትን ሙያ ለሌላ ሰው አላካፍልም ማለት ንፉግነት ነው። ንፉግነት ግን ፊት ለፊት የሚታይ ጥፋት ስለሆነ የተነፈገው ሰው ሌላ በር ሄዶ ሊያንኳኳ ይችላል። እያወቁ አጣምሞ ማስተማር ከዚህ እጅግ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም የተበደለው ሰው በዳዩን እያመሰገነ፣ በገዛ እጁና በገዛ ላቡ መጥፊያውን ይሠራል። እንዲህ ያለው በደል ለጊዜው የተሳካ ቢመስልም በዳዩን ሳያዋርድ እንደማይቀር የሚከተለው ታሪክ ያስረዳል።

ሴትዮዋን የሰፈሩ ሰው «ባለእጇ» ይላት ነበር፤ ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣላትም። በኪሮሽ የምትሠራቸው ባለብዙ ቀለም ብርድ ልብሶች በየቤቱ የታወቁ ነበሩ። አሠራራቸው እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ መዳፍ የምታህል ካሬ ትሠራለች። የካሬዋ መሐል ቢጫ ከሆነ ቀጥሎ ያለው ዙር ቀይ፣ ከዚያ የሚቀጥለው ሰማያዊ ይሆናል፤ መዝጊያው ዙር ግን ሁልጊዜ ጥቁር ነው። ካሬዎቹ ሲበዙ ጥቁሩ ከጥቁሩ ጋር እየተጋጠመ ብርድ ልብስ ይወጣቸዋል። ሥራው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ሊማረው ይችላል። የባለእጇን ሥራ ከሌላው የሚለየው ጥንካሬው ነበር። የእሷ ብርድ ልብስ ስንት ጊዜ ታጥቦ፣ ስንት ሕፃን አሳድጎ፣ አንዲት ክር አይወጣውም።

ባለእጇ አላገባችም፤ አልወለደችም። ከወላጆቿ በቀረ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ውስጥ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትኖር ነበር። ወንድሟ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሚስት አግብቶ ወደዚያው ቤት አመጣ፣ ሴት ልጅ ወለደ፣ ልጅቱ በእግሯ መሄድ በጀመረች ሰሞን መኪናው ገደል ገብቶ ሞተ።

ከወንድሟ ሞት በኋላ ሚስቱ፣ ማለትም ምራቲቱ፣ በቤቱ ውስጥ የነበራት ስፍራ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በመጀመሪያ ከመኝታ ክፍሏ ወደ ጓዳ ተዛወረች፤ ክፍሉ ለክር ማስቀመጫ ተፈልጎ ነው ተባለ። ከዚያ ልብስ አጣቢዋ ተሰናበተች፤ ቤት ውስጥ ሁለት ጤነኛ እጅ እያለ ለሰው መክፈል ምን ይባላል ተባለ። ብዙም ሳይቆይ ያቺ ሴት በባሏ ቤት ደመወዝ የሌላት ሠራተኛ ሆነች። ያልተወሰደባት ነገር ቢኖር ልጇ ብቻ ነበረች። ልጅቱን ጢጢ ይሏታል። ባለእጇም ከሁሉ አብልጣ የምትመኘው እሷኑ ነበር።

«ዓይኗ የወንድሜ ነው፤ አፍንጫዋ የወንድሜ ነው። አንቺ እንዲያው መንገድ ነበርሽ፤ በአንቺ አልፋ መጣች፤ አለቀ» ትላት ነበር፤ ልጅቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ጸጉሯን እያበጠረች።

ምራቲቱ መልስ አትሰጥም። የምትሄድበት ስላልነበራት ዝም ማለትን ተምራለች።

አንድ ቀን የብርድ ልብሶቹ ደንበኛ የሆነችው ባለሱቅ ወደ ቤት መጣች። ባለሱቋ የአልጋ ልብስና የሕፃናት ልብስ ትሸጣለች፤ ንግግሯ ቁርጥ ያለ፣ ፊቷ የማይፈታ፣ ግን ሚዛን የማታዛባ ሴት ነበረች። ሻይ ሲቀርብላት ስኒውን ሳታነሣ ጉዳይዋን ተናገረች።

«አንድ እጅ አልበቃኝም። ብርዱ ሳይመጣ ለአራስ የሚሆን ትንንሽ ብርድ ልብስ የሚለምነኝ ሰው በዝቷል። ሁለተኛ ሠሪ ባገኝ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል እሰጣት ነበር። ባዶዋን ነው የምትውለው።»

ምራቲቱ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። «እኔ ብማርስ?» አለች።

ባለእጇ ሳቀች። «አንቺ መጀመሪያ ሻዩን ሳታፈሺ መቅዳት ተማሪ።»

ባለሱቋ አልሳቀችም። «ለምን አትማርም? ጣት አጣች? አስተምሪያት እንጂ፤ የወንድምሽ ሚስት አይደለች? ወይስ ሙያሽን ይዘሽው ልትቀበሪ ነው?»

በእንግዳ ፊት እምቢ ማለት አልተቻለም። ባለእጇ ፈገግ አለችና «ኧረ አስተምራታለሁ። እኔው ራሴ ቁጭ አድርጌ ነው የማስተምራት» አለች።

ያቺ ክፍል ለምራቲቱ ምን እንደነበረች መናገር ያስፈልጋል። ከውስጥ የሚቆለፍ በር፣ የራሷ አልጋ፣ አልጋው ላይ ከጎኗ የምትተኛ ልጇ ማለት ነበረች። ባለእጇም ይህንኑ አሳምራ አውቃለች። ምራቲቱ ሙያ ካገኘች ትወጣለች፤ ከወጣች ጢጢን ይዛ ትወጣለች። ስለዚህ ልታስተምራትም፣ ሙያውን ልትነሳትም በአንድ ጊዜ ወሰነች።

ትምህርቱ በመስኮቱ አጠገብ ተጀመረ። ሰንሰለት ሠርቶ ሁለቱን ጫፍ ማገናኘት፣ በቀለበቱ ውስጥ ክሩን በኪሮሹ ላይ ጠምጥሞ እየሳቡ ሦስት ሦስት ቋሚ መሥራት፣ በየማዕዘኑ እጥፍ አድርጎ ክፍተት መተው፤ ይህን ሁሉ ባለእጇ አንድም ሳታጓድል በትክክል አሳየቻት። ስድቡንም አላጓደለችባትም።

«ኪሮሹን እንደ ማንኪያ ነው የያዝሽው። ልትበዪው ነው?»

«ይቅርታ እትዬ።»

«ቋሚ ነው ያልኩሽ። ይኼ የቆመ ነው? ይኼማ የታመመ ነው። ተርትሪው።»

ምራቲቱ ትተረትራለች፤ እንደገና ትጀምራለች። ጣቶቿ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ የሻከሩ ስለነበሩ ክሩ እየያዘባት ታለቅስ ነበር፤ ነገር ግን ተማረች። እንዲያውም ከታሰበው በላይ ፈጥና ተማረች፤ እጇም እኩል ነበር፤ አንዱ ካሬ ከሌላው አያንስም፣ አይበልጥም።

ችግሩ የተተከለው በመጨረሻው ነገር ላይ ነው። በካሬ ሥራ ቀለም በተቀየረ ቁጥር ክሩ ይቆረጣል፤ በተቆረጠም ቁጥር አንድ ጫፍ፣ እነሱ ጅራት የሚሉት፣ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ይህ ጅራት ረዘም ተደርጎ ይተዋል፤ ከዚያም ዓይኑ በሰፋ መርፌ በቋሚዎቹ ውስጥ ወዲያ ተወስዶ ወዲህ ይመለሳል። ካሬዋን የሚይዛት ይህ ነው። ይህ ካልተደረገ፣ በተለይ ክሩ እንደ እነሱ ክር አብረቅራቂና ሙልጭልጭ ሲሆን፣ ቋጠሮው በውኃና በእሽታ ላልቶ መሐሉ ይከፈታል።

ባለእጇ መቀሱን አነሣችና ጅራቱን ከቋጠሮው ሥር ቀጭ አደረገችው። «እንዲህ ነው» አለች።

ምራቲቱ ካሬዋን አገላብጣ አየች። «እትዬ፣ እንዲህ ከሥሩ ሲቆረጥ አይፈታም?»

«አስተማሪዋ ማን ናት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ቋጥረሽዋል አይደል? ቋጠሮ ሥራው ምን ሆነና? በእኔ ብርድ ልብስ ላይ ጅራት አይተሽ ታውቂያለሽ? ብርድ ልብስ እኮ በግ አይደለም።»

ምራቲቱ በእርግጥም አይታ አታውቅም፤ የተደበቀ ነገር አይታይምና። ባለእጇ የራሷን ጅራቶች የምትደብቀው ወገቤን ላሳርፍ ብላ ክፍሏን ከቆለፈች በኋላ ነበር። ከዚህ በፊት በሩን ዘግታ አታውቅም፤ መዝጋት የጀመረችው ትምህርቱ ከተጀመረ ወዲህ ነው። ምራቲቱ በዱሮውም ከሳፋው ቀና ብላ ሥራውን አይታ ስለማታውቅ ይህን ልብ አላለችም። እንዲያውም በዚያ ቀን የባለእጇን እጅ ይዛ ሳመች፤ ባለእጇም እጇን አልሰበሰበችም።

የመጀመሪያው ብርድ ልብስ ባለቀ ጊዜ ባለሱቋ እንደ ልማዷ ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«ጀርባው ከፊቱ አያንስም» አለች፤ ከዚያ ወደ ባለእጇ ዞራ፦ «አንቺ እንኳ እንዲህ አታጠሪም።»

«አስተማሪዋ ማን ሆነና» አለች ባለእጇ።

ባለሱቋም እዚህ ላይ ከወቀሳ አትድንም። ጽዳቱን አይታ ከማድነቅ ይልቅ አንዱን ክር በጥፍሯ ሳብ አድርጋ ብትፈትን ኖሮ ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ባልሆነ ነበር። ከሩቅ የሚያምረውን ሁሉ ቀርቦ የሚፈትሽ ሰው ግን ጥቂት ነው።

ምራቲቱ ዕቃዋን ጠቀለለች። ዕቃ ማለት አንድ ፍራሽና አንድ የልብስ ቦርሳ ነበር። ገመዱን ስትቋጥር ባለእጇ አገዘቻት፤ ድምጿም ያን ቀን ለስላሳ ነበር።

«ልጅቱን እስክትደላደዪ እዚህ ተያት።»

«አይ እትዬ፤ አብራኝ ነው የምትሄደው።»

«እሺ። መንገዱን ታውቂዋለሽ። ስትመለሺ በሩን አታንኳኪ፤ ክፍት ነው።»

ምራቲቱ ይህን እንደ ደግነት ቆጥራው አመሰገነቻት።

ከሱቁ ጀርባ ያለችው ክፍል ጠባብ ነበረች፤ ግድግዳዋ ላይ የእርጥበት ምልክት ነበረባት፤ መስኮቷ ወደ ሌላ ሰው ግቢ ያያል። እናትና ልጅ ግን በሩን ከውስጥ እየቆለፉ፣ እንደገና እየከፈቱ፣ እንደገና እየቆለፉ እስኪደክማቸው ሳቁ። ምራቲቱ ቀን ከሌት ሠራች። ብርድ ልብሶቹ በመደርደሪያው ላይ ተደረደሩ፤ የመጀመሪያውንም አንዲት አራስ ለበኩር ልጇ ገዝታ ሄደች።

አራሷ የተመለሰችው ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ብርድ ልብሱን በላስቲክ ከረጢት ጠቅጥቃ ነው። ከረጢቱን ባንኮኒው ላይ ጣለችው። ብርድ ልብሱ ሲታጠብ የካሬዎቹ መሐል ተከፍቶ፣ ክሩ ቀለበት ቀለበት እየሆነ ወጥቶ ነበር። ሕፃኑ ከሥሩ ተኝቶ ሲፈራገጥ አንዱ ክር ትንሿን የእግሩን ጣት ጠምጥሞ አነቃት። ሕፃኑ ግማሽ ቀን አለቀሰ፤ እናቱ ሆዱን የቆረጠው መስሏት ሆዱን ስታሽ ዋለች። እግሩን ገልጣ ስታይ ትንሿ ጣት ጠቁራ ነበር። ሐኪሙ ክሩን ከሥጋው ውስጥ ነው በስለት ያወጣው። የሕፃኑ ጣት ተረፈች፤ ጥፍሩ ግን ወደቀ።

«ጡት እየሰጠሁ ዝም በል እለዋለሁ» አለች አራሷ፤ አልጮኸችም፤ ድምጿ አልቆባት ነበር። «ክር እየቆረጠው ዝም በል እለዋለሁ።»

ባለሱቋ ከመደርደሪያው አንድ አዲስ ብርድ ልብስ አውርዳ፣ በሳፋ ውኃ ነክራ፣ ጥቂት አሸችና የአንዱን ካሬ መሐል ሳብ አደረገችው። ካሬው ክር ሆነ። ሁለተኛውን ሳበች፤ ያም ክር ሆነ። ምራቲቱ በጓሮው በር ላይ ቆማ ታያለች።

«እንዲህ ነው የተማርሽው?»

«እትዬ ያሳዩኝ እንዲህ ነው።»

«ከእሷ እጅ እስከ ዛሬ አንዲት ክር አልወጣችም። በስንፍናሽ ላይ ውሸት አትጨምሪበት። ዕቃሽን አውጪ።»

ምራቲቱ ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ደርሶ፣ በሩም እንደተባለው ክፍት ነበር። ባለእጇ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ትሠራለች፤ ቀናም አላለች።

«ጫማሽን አውልቂ፤ ወለሉ ታጥቧል» አለች።

ከዚያ ዙሩን ጨርሳ፣ ክሩን ቆርጣ፣ ሕጉን ደነገገች። «ከእንግዲህ ልጅቱ የምትተኛው እኔ ጋ ነው። የሰው ልጅ ጣት ልታስቆርጥ የደረሰች ሴት፣ ልጅ ታሳድግ የሚል ዳኛ ካለ ሄደሽ አምጪው። እኔን እማዬ ትበለኝ። አንቺን እትዬ ትበልሽ፤ ይበቃሻል። ተሳስታ በዱሮው ከጠራችሽ ዞረሽ እንዳታያት። ዞረሽ ካየሻት ብቻሽን ትወጫለሽ።»

ምራቲቱ ትእዛዙን ፈጸመች። የፈጸመችው በፍርሃት ብቻ አይደለም፤ አምናበትም ነው። የሕፃኑ ጣት ከዓይኗ አልጠፋም፤ ጥፋቱ የቋጠሮዋ፣ የእጇ ድክመት መስሏታል። ጢጢ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከኋላዋ እየተከተለች «እማ፣ እማ» ትላት ነበር። እናትየው ፊቷን ወደ ሳፋው አድርጋ ታጥባለች። ልጅቱ ቀሚሷን ትጎትታለች፤ እናትየው ታጥባለች። ባለእጇ ከመስኮቱ ሆና ይህን ትመለከት ነበር፤ በዚያ ሰሞን የሠራቻቸው ካሬዎችም ከመቼውም ይልቅ ያማሩ ነበሩ። ልጅ ቶሎ ይለምዳል፤ ጢጢም ለመደች። እናቷን እትዬ ማለት ጀመረች።

ባለእጇ ያላሰበችው አንድ ነገር ነበር። ክፍሏን በቆለፈች ጊዜ አሁን ብቻዋን አልነበረችም።

አንድ ቀን ምራቲቱ አንሶላ ስታጥብ ጢጢ በአጠገቧ ተቀምጣ ብጣሽ ጨርቅ ላይ በስንጥር ክር ታስገባና ታስወጣ ነበር።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ጅራቱን እየደበቅኩ።»

«የምኑን ጅራት?»

«የካሬዋን። እማዬ በትልቁ መርፌ ትደብቀዋለች። በዚህ ትገባለች፣ በዚያ ትዞርና ተመልሳ ትመጣለች። ከዚያ አትታይም። ለሰው እንዳትናገሪ ብላኛለች።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ነገርሽኝ?»

ልጅቱ ነገሩ ግልጽ ስለሆነላት ቀናም አላለች። «አንቺማ አትናገሪም። እሷ ስትሰድብሽ እንኳን አትናገሪም።»

ምራቲቱ አንሶላውን አለቀለቀች፤ ጨመቀች፤ አሰጣች። ከዚያ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ሱቅ ሄደች።

ባለሱቋ ልታስወጣት ነበር፤ ሆኖም ሰምታ ጨረሰች። የሰማችውንም ለማጣራት የባለእጇን ብርድ ልብስ አወረደች፤ በመርፌ ጫፍ የካሬውን ቋሚዎች ፈለቀቀች። ጅራቱ በውስጣቸው ወዲያ ሄዶ ወዲህ ተመልሶ ተገኘ። ሌላ ካሬ ፈለቀቀች፤ እሱም እንዲሁ። ባለሱቋ ብርድ ልብሱን መልሳ አጠፈች። በመጨረሻ «እኔም ጽዳቱን አይቼ ዓይኔን ሸጬ ነበር» አለችና አራሷን አስጠራቻት።

በማግሥቱ ባለእጇ አዲስ ብርድ ልብስ ይዛ ስትመጣ ሦስቱ ሴቶች በባንኮኒው ዙሪያ ቆመው ጠበቋት። ምራቷን እዚያ በማየቷ ቅር አላት፤ ግን አልደነገጠችም።

«የቤቱ ሥራ አልቆ ነው ለሽርሽር የወጣሽው?» አለቻት።

ባለሱቋ በመሐል ገባች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህችን ስታስተምሪያት ሙያሽን ሙሉውን ሰጥተሻታል?»

«ሙሉውን። ምን እደብቃታለሁ? እጇ ነው የከዳት።»

«የጅራቱንም ነገር?»

«የጅራቱ ነገር ምን አለው? ይቆረጣል።»

«አንቺም ትቆርጪዋለሽ?»

«እኔም እቆርጠዋለሁ።»

ባለሱቋ አዲሱን ብርድ ልብስ ገለበጠች፤ መርፌዋን ሰካች፤ ቀስ ብላ ሳበች። ከጥቁሩ ዙር ውስጥ ጣት የሚያህል የክር ጅራት ተጎትቶ ወጣ። ባንኮኒው ላይ አጋደመችው።

ባለእጇ ክሩን አየችው፤ ምራቷን አየቻት። ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር፤ እሷ ግን ተቆጣች። «የወንድሜን ልጅ ይዛ ልትሄድ ነበር» አለች። «ሬሳው ሳይበሰብስ ልጁን ይዛ ልትወጣ። እኔ ምን ይቀረኛል? ከሦስት ክፍል ቤት ጋር ላውራ?»

«የእኔ ልጅ ምን አደረገሽ?» አለች አራሷ።

ባለእጇ ብርድ ልብሱ ለአራስ እንደሚሸጥ ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር፤ መቀሱን ስታነሣም ታውቅ ነበር። አራሷ ሕፃኑን ከጀርባዋ አወረደች፤ ካልሲውን አውልቃ ጥፍር የሌላትን ጣት በባንኮኒው ላይ፣ ከክሩ አጠገብ አሳየቻት። ባለእጇ ፊቷን አዞረች፤ ባለሱቋ ግን «እይው» አለቻት፤ አየችው።

ጉዳዩ ለቤተሰቡ ሽማግሌዎች ቀረበ። ባለእጇ አልካደችም፤ መካድ የምትችልበት ጊዜ አልፎ ነበር። ሽማግሌዎቹ ልጅቱ ለእናቷ እንድትመለስ፣ አክስቲቱም እናትየው ካልፈቀደች ደጃቸውን እንዳትረግጥ ወሰኑ። ጢጢን የወሰዷት በጠዋት ነው። እማዬ እያለች የአክስቷን አንገት አንቃ ይዛ ስለነበር ጣቶቿን አንድ በአንድ ማላቀቅ አስፈለገ፤ ይህንንም ያደረገችው እናቷ ራሷ ነች። ባለሱቋ መልሳ በሰጠቻቸው ክፍል ልጅቱ ለብዙ ጊዜ እናቷን እትዬ ትላት ነበር። እናትየውም፣ የለመደባትን ፍርሃት በአንድ ቀን መጣል ስላልቻለች፣ ልጅቱ እንደገና «እማ» ብላ የጠራቻት ቀን ወዲያው ዞራ አላየቻትም።

ባለሱቋ ከባለእጇ ዳግመኛ አልገዛችም። ታሪኩ በየሱቁ ስለተሰማ ሌላም የገዛት የለም፤ ሰፈሩም ስሟን ተወው። ዓመታት አልፈው፣ ዛሬ በሦስቱ ክፍሎች ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ጣቶቿ ተቆልምመው ኪሮሽ አይጨብጡም፤ ውኃ የሚያቀርብላት ሰው በልመና ነው የምታገኘው። ጢጢ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ መንገዷም በዚያው ደጅ ነው። አክስቷ ከበሩ ላይ ቆማ ትጠራታለች። ልጅቱ የከለከላት ሰው ሳይኖር፣ ረስታት የማታውቃት ሴት ስለሆነች ብቻ፣ ሳትዞር ታልፋለች።